የተነካካ የድሮ ቲዩብ አምፕሊፋየር እንዴት ይሸጣል?

በመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የድሮ የጊታር አምፕሊፋየር (አምፕ) ለሽያጭ ስታወጡ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ተነክቷል?» ብሎ ነው። መልሱ «ተነክቷል» ሲሆን ብዙ ሻጭ እዚህ ጋ ይንተባተባል። አንዱ ዝም ብሎ ያልፋል። ሌላው «ትንሽ ተሻሽሏል» ብሎ ያድበሰብሳል። ሁለቱም አያዋጣም። የድሮ አምፕ የሚገዛ ሰው ቤቱ እንደገባ ጀርባውን መፍታቱ አይቀርም።

የተነካካ አምፕ የራሱ ገዢ አለው። ሰብሳቢ ላይፈልገው ይችላል። ሊጫወትበት የሚገዛው ሰው ግን ይፈልገዋል፤ አንዳንዴም ካልተነካው አስበልጦ። ይህን ገዢ የምታገኙት ምን እንደተነካ፣ ለምን እንደተነካና ወደነበረበት ይመለስ እንደሆነ ቁልጭ አድርጋችሁ ስትነግሩት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ለዚያ ንግግር መዘጋጃ ነው።

ደግሞ አምፕ መነካካት ነውር አይደለም። የእንግሊዙ አምፕ ሠሪ ማርሻል በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ጄቲኤም45 አምፕ ሲሠራ መነሻው የአሜሪካው ፌንደር ባስማን የተባለው አምፕ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ንድፍ) ነበር። ሜሳ ቡጊ የተባለው አምፕ ሠሪም የተወለደው ራንዳል ስሚዝ ትንሿን ፌንደር ፕሪንስተን ከፍቶ የባስማን ዓይነት ጉልበት ሲጨምርባት ነው። ስለዚህ አትሸማቀቁ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ቮልት የሚደርስ ዲሲ ኮረንቲ አለ። ከሶኬት ስለነቀላችሁት ወዲያው አይጠፋም። ትልልቆቹ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያከማቹ ዕቃዎች) ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

ካፓሲተር በሬዚስተር አውርዳችሁ፣ በቴስተር ለክታችሁ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ የማታውቁ ከሆነ ቻሲሱን (ዕቃዎቹ የተገጠሙበትን የብረት መያዣ) ራሳችሁ አታውጡት። ቲዩብ አምፕ የሚያውቅ ቴክኒሻን ዘንድ ውሰዱት። ለምርመራ የምትከፍሉት ገንዘብ በሽያጩ ላይ ይመለሳል። አጠገቡ ቆማችሁ ፎቶ ለማንሳትም አስፈቅዱት።

በእናንተ አቅም የሚሠራም ብዙ አለ። ነቅላችሁ፣ ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቃችሁ፣ የጀርባውን ጣውላ ብትፈቱ ቲዩቦቹን፣ ስፒከሩን፣ የትራንስፎርመሮቹን ውጫዊ ክፍልና የሪቨርቡን (የማስተጋቢያውን) ሳጥን ታያላችሁ። ከመረጃው ግማሹ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ያዙ። ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት መብራት የለበትም። ያለ ስፒከር የተጫወቱበት አምፕ አውትፑት ትራንስፎርመሩ (ድምጹን ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ሊቃጠል ይችላል። የድሮ አምፕ ላይ ደግሞ ከማይተኩት ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው።

ዕድሜውን ከራሱ አንብቡ

«የስልሳዎቹ ነው አሉኝ» ብሎ መሸጥ አይቻልም። በአሜሪካ አምፖች ላይ ዕቃዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በፖቶቹ (ኖቦቹ የሚያዞሯቸው ዕቃዎች)፣ በትራንስፎርመሮቹና በስፒከሩ ላይ የታተመ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አምራቹን ይነግሯችኋል። 137 ሲቲኤስ ነው። 304 ስታክፖል፣ 606 ሹማከር፣ 220 ጄንሰን፣ 465 ኦክስፎርድ። ቀጥሎ ዓመቱ፣ በመጨረሻ ሳምንቱ ይመጣል። ፖት ላይ 1376523 ካያችሁ ሲቲኤስ በ1965 በ23ኛው ሳምንት የሠራው ነው።

ዓመቱ በአንድ አኃዝ ብቻ የተጻፈበትም አለ። ስፒከር ላይ 220534 ቢል ጄንሰን ነው፣ 34ኛው ሳምንት ነው፤ ዓመቱ ግን 1955 ወይም 1965 ሊሆን ይችላል። ያኔ ከአምፑ ሞዴል ጋር ታመሳክሩታላችሁ።

ቁጥሩ ዕቃው የተሠራበትን ቀን እንጂ አምፑ የተገጠመበትን ቀን አይናገርም። ፖት መጋዘን ውስጥ ዓመት ቆይቶ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ዕቃ የሚስማማበትን ዘመን ፈልጉ። ሁሉም 1965 ሆኖ አንድ ትራንስፎርመር 1974 ካለ፣ ያ ትራንስፎርመር ተቀይሯል ማለት ነው። ዕድሜ ስታነቡ ለውጡንም አብራችሁ አገኛችሁት።

ከሃምሳዎቹ እስከ ስልሳዎቹ ማብቂያ አካባቢ የተሠሩ የፌንደር አምፖች ውስጥ ደግሞ የቲዩቦቹ ዝርዝር የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል። ብዙ ጊዜ ሁለት የላቲን ፊደላት ማኅተም ይኖርበታል። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱ ነው፤ የፊደሉ ተራ ከ1951 ይጀምራል። ሁለተኛው ወሩ ነው። በተራው አሥራ አምስተኛ የሆነው «ኦ» 1965 ሲሆን፣ አምስተኛው «ኢ» ግንቦት ላይ የሚውለው የፈረንጆቹ አምስተኛ ወር ነው። ይህ ወረቀት ካለ አጠገቡ ቀርባችሁ ፎቶ አንሱት።

ጥገናውን ከለውጡ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዕቃ ስለተቀየረ ብቻ አምፑ «ሞዲፋይድ» አይባልም። ጥገና ሌላ፣ ለውጥ ሌላ።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው አምፕ ላይ መቀየሩ ጤና ነው። ቲዩብም ያልቃል፤ ይተካል። ባለሁለት እግር የነበረው ገመድ ግራውንድ ባለው በሦስት ሽቦ ገመድ መቀየሩም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ካልተቀየረ አሁኑኑ አስቀይሩት።

ከገመዱ ጋር አንድ ሌላ ነገር አስፈትሹ። በብዙ የድሮ አሜሪካ አምፖች ውስጥ ከዋናው መስመር ወደ ቻሲሱ የሚሄድ ትንሽ ካፓሲተር አለ። ቴክኒሻኖች «ገዳዩ ካፓሲተር» የሚል ስም ሰጥተውታል። ሾርት ካደረገ የግድግዳው ኮረንቲ ቻሲሱ ላይ ይመጣል፤ በገመዱ አድርጎ የጊታሩ ሽቦ ላይ ይደርሳል። የሦስት ሽቦው ገመድ ሲገባ እሱ ይወጣል። ይህ ሳይደረግ አምፕ ለሰው መሸጥ የለበትም። ገዢው «ምንም እንዳትነኩብኝ፣ እንዳለ ነው የምፈልገው» ቢልም አደጋውን አስረዱት።

ለውጥ የሚባለው ድምጹን ወይም አጠቃቀሙን ለመለወጥ ሆን ተብሎ የተሠራው ነው። በብዛት የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው። ማስተር ቮሉም (አጠቃላይ ድምጹን የሚቆጣጠር ኖብ) ተጨምሯል። ተጨማሪ የጌይን (ድምጹን ይበልጥ የሚገፋ) ደረጃ ገብቷል። የኢፌክት መግቢያና መውጫ ተበስቷል። 6ኤል6 የነበረው ቲዩብ ወደ ኢኤል34 ዓይነት ተዛውሯል። ሬክቲፋየር ቲዩቡ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው) በዳዮድ ተተክቷል። ስፒከሩ በሌላ ተቀይሯል። የብሩ ቀለም ፊት ያላቸው፣ ከስልሳዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የወጡ ፌንደሮች ላይ ደግሞ ሰርኪዩቱን ወደ ቀደመው የጥቁር ፊት ዘመን መመለስ የተለመደ ነው። ይሄኛው ከፋብሪካው ቢለይም ብዙ ተጫዋች የሚወደው ለውጥ ነው። በአግባቡ ከተሠራ ራሱን ችሎ ገዢ ይጠራል።

እያንዳንዱን ለውጥ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የተቀየረ ሬዚስተር ይመለሳል። ፊት ለፊት ፓነሉ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይመለስም። የጠፋ ኦሪጅናል ትራንስፎርመር በተግባር አይመለስም። ልባሱ ተገፎ በሌላ የተሸፈነ ሳጥንም እንደዚያው። ዋጋው ላይ የሚፈርደው ይህ መስመር ነው።

የብየዳውን ጥራት ቀርባችሁ እዩ። የፋብሪካው ብየዳ ዕድሜ ስላለው ይደበዝዛል። አዲሱ ያብረቀርቃል። ማብረቅረቁ ችግር አይደለም። ችግሩ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ እግሩን ያልያዘ ብየዳ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሬዚስተር፣ ፕላስቲኩ የቀለጠ ሽቦ ነው። ለውጡ ጥሩ ሆኖ አሠራሩ እንዲህ ከሆነ አስተካክሎ መሸጥ ይሻላል።

ወደነበረበት ልመልሰው?

ኦሪጅናል ዕቃዎቹ በከረጢት ተቀምጠው ካገኛችኋቸው፣ ቀዳዳም ካልተበሳ፣ አምፑም ሰብሳቢ የሚፈልገው ዓይነት ከሆነ አስመልሱት። ሥራው ለቴክኒሻን አጭር ነው፤ የገዢው ቁጥር ግን ይሰፋል።

ኦሪጅናሎቹ ከሌሉ አትድከሙ። በአዲስ ዕቃ የተመለሰ አምፕ ኦሪጅናል አይሆንም፤ ዳግመኛ የተነካ ነው። ደህና የሚሠራ ለውጥ አውጥታችሁ፣ ገንዘብ አውጥታችሁ፣ ያው «የተነካካ» ተብሎ ይሸጣል። እንዳለ ለተጫዋች ይሂድ።

ለሽያጭ ብላችሁ ልባሱን አታስለውጡ፤ ፓነሉን አትቀቡ። አዲስ አስመስሎ ማሳመር የድሮ ዕቃ ላይ ዋጋ ይቀንሳል። አቧራውን ጥረጉ፣ ቆሻሻውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ የሚንኮሻኮሹ ፖቶችን በኮንታክት ማጽጃ አጽዱ፣ የላላ ብሎን አጥብቁ። ይበቃል። የተቀደደ የስፒከር ጨርቅም ኦሪጅናል ከሆነ እንዳለ ይቆይ።

አስለኩት፣ ቅዱት

ቴክኒሻኑ ባያሱን (በፓወር ቲዩቦቹ የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን ማስተካከያ) ለክቶ፣ ቲዩቦቹን ፈትሾ፣ ያየውን በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፍላችሁ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። በተለይ ቲዩቡ ዓይነቱ ከተቀየረ ባያሱ ተስተካክሏል ወይ የሚለው ገዢው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ከዚያ ድምጹን ቅዱ። ሃያ ደቂቃ አሙቁት። ጊታር ሳትሰኩ ቮሉሙን ከፍ አድርጋችሁ ዝምታውን ቅዱ፤ ሁም የሚለው ምን ያህል እንደሆነ ይሰማል። ቀጥሎ ንጹሑን ድምጽ፣ ከዚያ ተገፍቶ የሚንሻረረውን፣ ሪቨርቡንና ትሬሞሎውን (ድምጹን የሚያርገበግበውን) እያንዳንዱን ለየብቻ። ለውጡ ማብሪያ ካለው አብርታችሁና አጥፍታችሁ አሰሙ። በስልክ የተቀዳ ቢሆንም ይሠራል፤ ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ እንጂ። ፔዳል አትጨምሩ። ገዢው መስማት የሚፈልገው አምፑን ነው።

ፎቶው

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። በቀን ብርሃን ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኖቹንና ማዕዘኖቹን አንሱ። የተላጠውንና የተጫረውን ቦታ ለብቻው። የስፒከሩን ቁጥር፣ የትራንስፎርመሩን ቁጥር፣ የሴሪያሉን ሰሌዳ፣ የቲዩብ ወረቀቱን። ቻሲሱ በባለሙያ ሲወጣ ደግሞ ውስጡን ከላይ አንድ ሙሉ ፎቶ፣ ለውጡ ያለበትን ቦታ ሁለት ሦስት ቀረብ ያለ ፎቶ። የውስጥ ፎቶ የሌለው የተነካካ አምፕ ላይ ገዢ የከፋውን ይገምታል። ግምቱም ልክ ነው፤ ሌላ የሚያይበት ነገር አልሰጣችሁትማ።

ዋጋ አወጣጥ

ሻጮች የጠየቁትን ዋጋ አትዩ፤ የተሸጠበትን እዩ። ማንም ያሻውን መጠየቅ ይችላል። የእናንተን ሞዴል፣ የእናንተን ዘመን፣ ያልተነካውን ፈልጋችሁ በቅርብ የተሸጠበትን ዋጋ ያዙ። ከዚያ ቀንሱ። የሚመለስ ለውጥ ከሆነ ቢያንስ ለማስመለስ የሚፈጀውን የዕቃና የእጅ ዋጋ ቀንሱ። የማይመለስ ከሆነ ከዚያ በላይ ይወርዳል። ተመሳሳይ ለውጥ ያለበት አምፕ የተሸጠበት ካገኛችሁ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ እሱ ነው።

ለለውጡ ያወጣችሁትን ገንዘብ ዋጋው ላይ አትደምሩ። ይህ ያማል፤ አውቃለሁ። ግን ገዢው የእናንተን ጣዕም የመክፈል ግዴታ የለበትም። ልዩ የሚሆነው ለውጡን የሠራው በዘርፉ ስሙ የታወቀ እጅ ሲሆን ነው። ለምሳሌ አምፕ ሠሪው ሃዋርድ ዳምብል የነካው ፌንደር ካልተነካው በብዙ እጥፍ ይፈለጋል። ያም ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ሌላ የሚያረጋግጥ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። «እሱ ነው የሠራው ይባላል» ዋጋ የለውም፤ ማረጋገጫ ከሌላችሁ ስሙን ባትጠሩት ይሻላል።

ኦሪጅናል ስፒከሩ በእጃችሁ ካለ ለብቻው ለመሸጥ አትቸኩሉ። ከአምፑ ጋር አብሮ ሲሄድ ገዢው «መመለስ እችላለሁ» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ራሱ ዋጋ ይጨምራል።

ማስታወቂያውን መጻፍ

እኔ የምመክረው በአራት ክፍል መጻፍ ነው፦ ኦሪጅናል የሆነው፣ ለጥገና የተቀየረው፣ ሆን ተብሎ የተለወጠው፣ የማይታወቀው። አራተኛውን ብዙ ሰው ይተወዋል። ግን እምነት የሚያመጣው እሱ ነው። አምፑ ከእናንተ በፊት በስንት እጅ አልፏል፤ ሁሉን ልታውቁ አትችሉም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ የትራንስፎርመሮቹና የፖቶቹ ቁጥር 1968 ይላል። ኦሪጅናል፦ ሳጥኑ፣ ልባሱ፣ ጨርቁ፣ ሦስቱም ዋና ትራንስፎርመሮች፣ የሪቨርብ ሳጥኑ። ለጥገና የተቀየረ፦ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች፣ ባለሦስት ሽቦ ገመድ፣ ሁሉም ቲዩቦች። የተለወጠ፦ በጀርባ፣ ከተጨማሪ ስፒከር ጃኩ አጠገብ ማስተር ቮሉም ገብቷል፤ ለዚህ አንድ ቀዳዳ ተበስቷል። የባያስ ሰርኪዩቱ ወደ ጥቁር ፊት ዘመን አሠራር ተመልሷል። ስፒከሩ አዲስ ነው፤ ኦሪጅናሉ ኦክስፎርድ ኮኑ ተቀዶ አብሮ ይሰጣል። የማላውቀው፦ ማስተር ቮሉሙን ማን እንደሠራው። እኔ ሳገኘው ነበረ። ቴክኒሻን ፈትሾታል፤ ወረቀቱ ከፎቶዎቹ ጋር አለ።»

ይህን ያነበበ ሰው ደውሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የሚደውለውም ለመግዛት ነው። «ብርቅዬ»፣ «እንደ አዲስ»፣ «ድምጹ ተአምር ነው» የሚሉትን ተዉአቸው። ቅጂው ድምጹን ይናገራል።

ቮልቴጁን መጻፍ አትርሱ። ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕ 230 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አንዳንዶቹ አምፖች ከኋላ ቮልቴጅ መምረጫ አላቸው። የእናንተ ካለው በምን ላይ እንደተቀመጠ ጻፉ።

ገዢው ሲመጣ

ከመምጣቱ በፊት አሙቁት። ግራውንድ ያለው ሶኬትና ደህና ገመድ አዘጋጁ፤ የራሱን ጊታር ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። እሱ ሲጫወት አታውሩ። ችግር ያለበትን ቦታ ራሳችሁ አሳዩት፤ ፈልጎ እንዲያገኘው አትተዉት። ኖቡ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ «ይሄኛው ይንኮሻኮሻል» በሉና አዙሩት።

«ተነክቷል እኮ» እያለ ዋጋ የሚያወርድ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ «አዎ፣ ዋጋው ያንን አስቦ ነው የወጣው።» የማይሻረውን ዝቅተኛ ዋጋችሁን ቀድማችሁ ለራሳችሁ ወስኑ። በሌላ ዕቃ ለውጬ ልውሰደው የሚል ከመጣ የሚሰጣችሁንም ዕቃ በዚሁ ዓይን መርምሩ።

በመኪና ወይም በፖስታ የሚላክ ከሆነ

ክፍያው ሙሉ በሙሉ እጃችሁ ሳይገባ አትላኩ። ከዚያ አስተሻሸጉ ላይ ጊዜ ስጡ። ባለሁለት ስፒከሩ ትዊን ሪቨርብ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ካርቶን አይሄድም።

ቲዩቦቹን አውጡ፣ እያንዳንዱ ላይ የነበረበትን ቦታ ጻፉ፣ ለየብቻ ጠቅልላችሁ በትንሽ ጠንካራ ሳጥን አድርጉ። የሪቨርብ ሳጥኑ ከረጢቱ ውስጥ እንዳይነቃነቅ እሰሩት። የቻሲሱንና የስፒከሩን ብሎኖች አጥብቁ፤ ከባዱ ትራንስፎርመር ሲወዛወዝ ቻሲሱን ያጣምማል። የጀርባውን ክፍት ቦታ በጠንካራ ስፖንጅ ሙሉት። አምፑን በአንድ ካርቶን፣ ያንን ካርቶን ደግሞ በሌላ ትልቅ ካርቶን አስገቡ። በመሃላቸው በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ ይኑር። የሚንከባለለው ቁርጥራጭ ፎም ለዚህ ክብደት አይሆንም፤ አምፑ ጠቅጥቆት ወደ ታች ይወርዳል። እያሸጋችሁ ፎቶ አንሱ። ኢንሹራንስ ግቡለት።

ካርቶኑ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ፣ አንድ ወረቀት አስቀምጡ። የቲዩቦቹን ቦታ፣ ቮልቴጁን፣ እና «ስፒከሩን ሳትሰካ እንዳታበራው» የሚለውን በትልቁ ጻፉበት። ኦሪጅናል ዕቃዎቹን ስማቸው በተጻፈበት ከረጢት፣ የለውጡን ንድፍ ካላችሁ ኮፒውን፣ የቴክኒሻኑንም ወረቀት አብራችሁ ላኩ። ገዢው ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ፈትቶ የላላ ነገር እንዳለ እንዲያይና ካለ ፎቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት።